ፈረሰኛውን ማን ጻፈው?

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሐበሻ ዩ ስትሪትን ያውቃል። እንጀራው፣ ቡናው፣ የአማርኛው ማስታወቂያ ሁሉ እዚያ ነው። እዚያው የምድር ባቡር ጣቢያው መውጫ አጠገብ የጥቁር ወታደሮች የነሐስ ሐውልት ቆሟል። አጠገቡ ባለው ግድግዳ ላይ 209,145 ስሞች በየሬጅመንታቸው ተደርድረው ተቀርጸዋል። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ መንግሥት የተዋጉት ጥቁር ወታደሮችና አዛዦቻቸው ናቸው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚያ ግድግዳ ከሚመጡት ጥቁር አሜሪካውያን መካከል የአያታቸውን አያት ስም የሚፈልጉ አሉ። ያ ስም እንዴት እንደሚገኝ ላጫውታችሁ። ነገሩ እኛንም ስለሚነካ መጨረሻ ላይ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

እኛ ዘንድ በወጉ ያደገ ልጅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ከባርነት የወጡ ሰዎች የልጅ ልጅ ግን ወደ ኋላ ሲቆጥር 1870 ላይ ይቆማል። በባርነት የነበሩት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተመዘገቡት በዚያ ዓመት ሕዝብ ቆጠራ ነው። በ1850 እና በ1860 በባሪያዎች መዝገብ ላይ በስሙ የተጻፈው ጌታው ነበር። ከሥሩ የሚሰፈረው ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው። «ወንድ፣ 22 ዓመት፣ ጥቁር» ከሚል መስመር የራስን ዘመድ ለይቶ ማውጣት እንዴት ይቻላል?

መንገዱ የሚከፈተው ያ ሰው ወታደር ከነበረ ነው።

አንድ ሬጅመንት እንውሰድ፤ አምስተኛው የጥቁር ፈረሰኞች ሬጅመንት። የተቋቋመው በ1864 መኸር፣ ኬንታኪ ውስጥ ካምፕ ኔልሰን በተባለ የጦር ሰፈር ነው። ኬንታኪ ከሰሜኑ መንግሥት ያልተገነጠለች፣ ነገር ግን ባርነትን ያልተወች ግዛት ነበረች። የሊንከን የነጻነት አዋጅ እዚያ አይሠራም። በኬንታኪ ለነበረ ባሪያ ዋናው የነጻነት በር ወታደር መሆን ነበር። ወደ 24,000 የሚጠጉ የኬንታኪ ጥቁሮች በዚያ በር ገቡ።

የአምስተኛው ሬጅመንት ምልምሎች ገና በወጉ ሳይደራጁ ሶልትቪል ወደምትባል የቨርጂኒያ ከተማ ዘመቱ። ከተማዋ ለደቡቡ ጦር ጨው የምታቀርብ ነበረች። ፈረሶቹ አልተገሩም፤ የተሰጣቸውም ጠመንጃ ረጅሙ የእግረኛ ጠመንጃ ስለነበር ኮርቻ ላይ ሆኖ ማጉረስ አይቻልም። በመንገድ ላይ ከጎናቸው የሚሄዱት ነጭ ወታደሮች ይሳለቁባቸው ነበር። ጥቅምት 2 ቀን 1864 ከፈረስ ወርደው ተዋጉ። ሲመለሱ የሚሳለቅባቸው እንዳልነበረ አንድ አዛዣቸው በሪፖርቱ ጽፏል።

ድሉ ግን የደቡቡ ሆነ። የሰሜኑ ጦር ቁስለኞቹን ጥሎ በሌሊት አፈገፈገ። በማግስቱ ጠዋት የደቡቡ ታጣቂዎች በሜዳው ላይ የወደቁትን ጥቁር ቁስለኞች ገደሉ። ከገዳዮቹ አንዱ የነበረው ቻምፕ ፈርጉሰን ከጦርነቱ በኋላ ተከሶ በ1865 ናሽቪል ላይ ተሰቀለ። በዚያ ጠዋት ስንት ሰው እንደተገደለ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከሚከራከሩባቸው ማስረጃዎች ዋናው የሬጅመንቱ የስም መዝገብ ነው፤ ማን ሞተ፣ ማን ጠፋ፣ ጠፋ ከተባለው ውስጥ ማን ኋላ ተገኘ። አንድ ጸሐፊ በየጊዜው ስም እየጠራ ባይጽፍ ኖሮ ያ ግድያ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድ ሰው አያቱ በዚህ ሬጅመንት እንዳገለገለ ቢገምት ፍለጋው የሚጀምረው ከስም ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የወታደሮቹን ስምና ሬጅመንት ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የአገልግሎት ማኅደር ይሄዳል። እዚያ የወታደሩ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የዓይኑ ቀለም፣ የተወለደበት አገር፣ የቀድሞ ሥራው ተጽፏል። ለመንግሥት ታማኝ የሆነ ባለባሪያ ባሪያው ሲመለመልበት እስከ 300 ዶላር ካሳ መጠየቅ ስለሚችል፣ በአንዳንዱ ማኅደር ውስጥ የጌታው ስምና የባለቤትነት ማስረጃው አብሮ ይገኛል። በ1860 ስም አልባ የሆነውን መስመር ከሰው ጋር የሚያገናኘው ይህ ወረቀት ነው። የጌታው ስም ከታወቀ ኑዛዜው፣ የውርስ ክፍፍሉ፣ የሽያጭ ውሉ ይፈለጋል። የሰው ልጅ ዘሩን በአሳዳሪው የንብረት ዝርዝር ውስጥ መፈለጉ ያማል። ግን ሌላ መንገድ የለም።

ከሁሉም የሚበልጠው የጡረታ ማኅደሩ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ጡረታ ስትጠይቅ ሚስቱ እንደነበረች ማስረዳት አለባት። ባሪያ ደግሞ በሕግ ፊት ጋብቻ አልነበረውም። ስለዚህ ምስክር ትቆጥራለች፤ አብሮት የዘመተውን፣ ጎረቤቷን፣ አንዳንዴም የቀድሞ ጌታዋን። መርማሪው ይጠይቃል፤ ማን አጋባችሁ? የማን ነበራችሁ? ስንት ልጅ ወለዳችሁ? ስሙ ለምን ተለወጠ? ብዙዎች ሲመለመሉ በጌታቸው ስም ተመዝግበው ኋላ የአባታቸውን ስም ይዘዋልና። የፈረሰኛው ጉዳትም ይነገራል፤ ከፈረስ ወድቆ የተሰበረው፣ ኮርቻ የጎዳው ወገብ። መሐይም ናት ተብላ በምልክት የፈረመች ሴት ሳታውቀው የቤተሰቧን ታሪክ አጽፋለች። የፈለገችው የወር መተዳደሪያ ነበር።

መንግሥት ይህን የጻፈው በደግነት አልነበረም። ኅዳር 1864 በዚያው ካምፕ ኔልሰን የጥቁር ወታደሮችን ሚስቶችና ልጆች፣ ወደ 400 ሰው፣ በብርድ ከሰፈሩ አባርሮ ጎጇቸውን አፍርሷል። 102ቱ ሞቱ። ጆሴፍ ሚለር የተባለ የእግረኛ ወታደር የታመመ ልጁ እንዴት ከድንኳን ወጥቶ በዚያው ቀን እንደሞተ፣ እሱም በእግሩ ሄዶ እንዴት እንደቀበረው በመሐላ ቃሉን ሰጠ። ቃሉ ተጻፈ፣ ለጋዜጣም ደረሰ፣ ቁጣው ኮንግረስ ገባ። መጋቢት 3 ቀን 1865 የጥቁር ወታደሮችን ሚስቶችና ልጆች ነጻ የሚያወጣ ሕግ ወጣ። ሚለር ግን እሱም ቤተሰቡም ያን ቀን አላዩም። ስማቸው የቀረልን አንድ አባት በደሉን ስላስመዘገበ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። እኛም የእርስ በርስ ጦርነት ፈረሰኞች ነበሩን። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የሸዋና የወሎ ጦር ሲጋጠሙ ፈረሰኛው ብዙ ነበር። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ቅጽል ስም፣ አባ መላን፣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከኋላው የጋለበው ሰው ግን የራሱ ስም እንኳ የለንም። ያለው በቤተሰቡ አፍ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ካለ። ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች አራተኛው ቤት ላይ ያለው አያታችን የት ዘምቶ የት እንደወደቀ ስንጠየቅ ዝም እንላለን።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በስምምነት ቆመ። በትግራይ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን መርዶ በይፋ የሰሙት ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። በየትኛውም ወገን ልጇን የሸኘች እናት የት እንደወደቀ፣ በማን ሥር እንደነበረ፣ ማን አጠገቡ እንደነበር የማወቅ መብት አላት። ያ መብት የሚከበረው ስሙ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎ ቤተሰብ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ከተቀመጠ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው የልጅ ልጅም ሆነ ነገ ጡረታ የምትጠይቀው ሚስት የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ወረቀት ነው።

መንግሥት እስኪጽፍ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የዚያ የጡረታ መርማሪ ጥያቄዎች ለእኛም ይሠራሉ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ቤት ያሉትን ሽማግሌና አሮጊት ጠይቁ፤ ማን ዘመተ? ከየት ተነሣ? በማን አዝማችነት? ፈረሱን ምን ብሎ ይጠራው ነበር? አብሮት የተመለሰው ማን ነው? መርዶውን ማን ነገራችሁ? መልሱን ቀንና ስም ጨምራችሁ ጻፉት፤ አንድ ቅጂም ለወንድም ለእህታችሁ ስጡ።