መርዶ በንጋት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ፣ ዳባት ሳትደርሱ፣ አምባ ጊዮርጊስ የምትባል ብርዷ አጥንት ድረስ የሚገባ ከተማ አለች። የወገራ መቀመጫ ናት። የታሪክ ሰዎች ብዙም አይቆሙባትም፤ ወይ ጎንደር ቤተ መንግሥቱ ጋ ይቀራሉ፣ ወይ በቀጥታ ወደ ስሜን ተራሮች ያልፋሉ። እኛ ግን አክስታችን እዚያ ስላለች እንቆማለን።

አክስታችን የጡት ካንሰር ያዛት። እኛ አወቅን፣ እሷ አላወቀችም። «እጢ ናት፣ ትወጣለች» እያልን ወራት አታለልናት። ነቀርሳ የሚለውን ቃል በቤታችን ማንም አፉን ሞልቶ አልጠራውም። በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ፣ ብቻዋን በቆመችበት፣ ካርዷን እያገላበጠ ነገራት። ሕክምናውን ጨርሳ ድና ተመለሰች፤ እንቅልፏ ግን አልተመለሰም። «ሁላችሁም ታውቁ ኖሯል?» አለችን አንድ ቀን ቡና ላይ። መልስ አልነበረንም።

ጥፋቱ የማን ነው ብለን መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርነው ያኔ ነው።

በአገራችን ክፉ ወሬ የሚነገርበት ሥርዓት አለው። መርዶ ነጋሪ በሌሊት አይመጣም። ወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ ይመካከራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሊነጋ ሲል በር ይንኳኳል። ማንም ብቻውን አይረዳም። ይህ ሥርዓት ከስደተኞቻችን ጋር አሜሪካ ሲሻገር ሌላ ሥርዓት ገጠመው፤ እዚያ ሐኪም የምርመራውን ውጤት ለታማሚው ፊት ለፊት መንገር አለበት። የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት አንትሮፖሎጂስት በ1992 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ግጭት ጻፉ። ለአሜሪካኖቹ ሐቀኝነት የሆነው ለኢትዮጵያዊው ታማሚ ጭካኔ ሆኖ እንደሚታየው አስረዱ። መጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ይነገር፣ በማታ አይነገር አሉ። ጽሑፉን ስናነብ የአያቶቻችንን ምክር በሕክምና መጽሔት ያገኘን መሰለን።

(ለእኛ ውሸት ግን ሽፋን አይሆነንም። መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ እኛ ጭራሹኑ ሳንናገር ቀርተናል።)

ከዚያም ወደ ኋላ ሄድን። በ1932 (እ.ኤ.አ.) የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ የተባለው የፈረንሳዮች ጉዞ ጎንደር ሲደርስ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ጸሐፊ አብሮ ነበር። መልካም አየሁ የተባሉ የዛር ባለሟል ቤት ተመላልሶ፣ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ያየውን የሰማውን መዘገበ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ሳይመን ሜሲንግ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ጎንደር መጣ። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ጉባኤ «የቡድን ሕክምና» አለው። ከሚመጡት አብዛኞቹ ያገቡ ሴቶች መሆናቸውን አስተዋለ፤ በቤታቸው ሰሚ ያጡ እዚያ ይሰማሉ። ፈዋሹም ራሱ ዛር የያዘው፣ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ዛርን አጥብቃ እንደምታወግዝ እናውቃለን፣ አክስታችንም ስሙ ሲነሳ ታማትባለች። እኛም ወደዚያ ሂዱ አንልም። የገረመን ሌላ ነው፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ ለገጠሩ ጤና ባለሙያ ማሰልጠን ሲጀምር፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ግን መድረሻው በጣልያን ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ነበር፣ ያውም አዲስ አበባ። በመሐል ያለው ሰፊ ሜዳ የጠበል፣ የደብተራና የዛር ነበር።

የካንሰሩም እንዲሁ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። ከወገራ ተነስቶ እዚያ ወረፋ የያዘ ሰው ስለ ሐዘኑ የሚጠይቀው አላገኘም ብንል ማን ይፈርድብናል?

ሌላው ዓለም ይህንን ዘግይቶም ቢሆን ተረድቷል። ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሊያም ብራይትባርት የተባሉ የአእምሮ ሐኪም፣ ከናዚ ካምፕ የተረፈውን የቪክቶር ፍራንክልን ሐሳብ ይዘው፣ ካንሰር ለያዛቸው ሰዎች የሕይወትን ትርጉም በመፈለግ ላይ የቆመ የንግግር ሕክምና አዘጋጁ። ቀጥሎ ሮዛሪዮ ኮስታስ ሙኒዝ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ስፓኒሽ ተናጋሪ ለሆኑ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሊያስማሙት ተነሱ። ቋንቋውን መተርጎም ብቻ አልበቃም። ቤተሰቡ የት ይቀመጥ? እምነቱስ? «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚል ታማሚ ተስፋ ቆርጦ ነው ወይስ ተጽናንቶ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አምባ ጊዮርጊስ ቢጠየቅም እንግዳ አይሆንም። አክስታችን በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች፤ አንዳንዴ በእንባ፣ አንዳንዴ ሽንኩርት እየከተፈች።

እኛ ባለፈው ዓመት ይቅርታ ጠየቅናት፣ ማልደን፣ ሽማግሌ ይዘን። ሳቀችብን፤ «አሁን ነው እንዴ መርዶው?» አለች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አንዲት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ባገኘች ቁጥር ቤተሰቧ እሷን ይጠራል። «እትዬ፣ አንቺ ንገሪልን» ይሏታል። እሺ ትላለች፣ ግን በአንድ ነገር ትጸናለች። መጀመሪያ ሴትዮዋን «ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ማንስ አብሮሽ ይቀመጥ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ትሄዳለች።