የዎክማን አባት ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979 የጃፓኑ ሶኒ በ33,000 የን ዋጋ አንድ ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ለገበያ አወጣ። የፋብሪካ መለያው ቲፒኤስ-ኤል2 ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን ዎክማን በሚለው ስሙ ነው። ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ድምፅ አይቀዳም፣ ስፒከርም የለውም። በዚህ የተነሳ ነጋዴዎች ገዢ አያገኝም ብለው ሰግተው ነበር። በእርግጥም ከተመረተው 30,000 ውስጥ በመጀመሪያው ወር የተሸጠው 3,000 ገደማ ብቻ ነው። ኦገስት ሲያልቅ ግን ሱቆች ባዶ ቀሩ።

ሶኒ የሚተርከው ታሪክ አጭር ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ማሳሩ ኢቡካ በረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ሙዚቃ የሚሰሙበት ቀላል መሣሪያ ጠየቁ። መሐንዲሶቹም ጋዜጠኞች የሚጠቀሙበትን ፕሬስማን የተባለ መቅረጸ ድምፅ ወስደው መቅጃውንና ስፒከሩን አወጡለት፤ በስቴሪዮ እንዲያጫውትም አደረጉት። ሌላው መሥራች አኪዮ ሞሪታ የኢርፎን መሰኪያው ሁለት እንዲሆን አዘዙ። በማስታወሻ መጽሐፋቸው እንደገለጹት፣ ብቻቸውን ሲያዳምጡ ባለቤታቸው ቅር ተሰኝተው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ሰባት ዓመት ይቀድማል።

አንድሪያስ ፓቬል ጀርመን ተወልዶ ብራዚል ያደገ ሰው ነው። በፌብሩዋሪ 1972 በስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ፣ በረዶ በሚወርድበት ጫካ ውስጥ ከፍቅረኛው ጋር ሆኖ በወገብ የሚታጠቅ የስቴሪዮ ማጫወቻውን ሞከረ። ስሙን ስቴሪዮቤልት አለው። ግሩንዲግ፣ ፊሊፕስና ያማሃ የተባሉትን ኩባንያዎች ደጅ ጠና። እሱ እንደሚለው፣ ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ በመንገድ አይሄድም ብለው መለሱት። በ1977 ጣሊያን ውስጥ ለባለቤትነት መብት አመለከተ፤ በቀጣዩ ዓመት በጀርመን፣ በብሪታንያ፣ በአሜሪካና በጃፓንም እንዲሁ።

ሶኒ በጀርመን ለሚሸጣቸው አንዳንድ ሞዴሎች ክፍያ ለመስጠት በ1986 ተስማማ። የብሪታንያ ፍርድ ቤቶች ግን ያሉ ዕቃዎችን ማገጣጠም ለባለሙያ ግልጽ ነገር ነው በማለት መብቱን ሻሩት፤ ይግባኙም በ1996 ወደቀ። ፓቬል በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የክስ ወጪ ተሸከመ።

ሶኒ ሐሳቡን ከእሱ ወሰደ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ነገሩ ያን ያህል ግልጽ ከነበረ፣ ዕቃውም ገንዘቡም በእጃቸው የነበረው ኩባንያዎች በሰባት ዓመት ውስጥ ለምን አልሠሩትም? ፍርዱ ይህን ጥያቄ አይመልስም።

ሞሪታ በ1999 አረፉ። ከዚያም ፓቬል በሌሎች አገሮች እከሳለሁ ሲል ሶኒ ድርድር ገባ፤ በ2003 መጠኑ ባልተገለጸ ገንዘብ ታረቁ።

የካሴት ዎክማን ምርት በጃፓን በ2010 ሲቋረጥ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ነበር። ቦታውን ስልክ ወስዶታል፤ መንገድ ላይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያላደረገ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። የዚህን ልማድ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከሞሪታና ከኢቡካ ጎን የፓቬልንም ስም ሊያሰፍር ይገባል።