«የላኪ አደራ»፦ ስለ አንድ ባዕድ ቃልና ስለ አማርኛ ፍቺው

ከአንበሳሜ ወደ ባሕር ዳር ለሥልጠና ወይም ለስብሰባ የተጠራ ሠራተኛ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቶ፣ በሐሙሲት በኩል የሚያልፈውን ሚኒባስ ለመያዝ ወደ መናኸሪያው ሲያመራ፣ ከደጃፉ ላይ የሚሸኙት ሰዎች ከሚናገሩት ቃል ሁሉ ሁለቱ ፈጽሞ አይቀሩም፤ አንደኛው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» የሚለው ምርቃት ሲሆን፣ ሁለተኛው «ስትደርስ ደውል፣ አደራ» የሚለው ማሳሰቢያ ነው። ምርቃቱ ነገሩን ለፈጣሪ ይሰጣል፤ ማሳሰቢያው ግን በሰውና በሰው መካከል የሚቀር ዕዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቀው የፈለግሁት ቃል ከድርጅቶች የጉዞ መመሪያ ጋር ወደ እኛ የደረሰው «ዲዩቲ ኦፍ ኬር» ሲሆን፣ ከብዙ ማውጣትና ማውረድ በኋላ ያገኘሁለት አማርኛ ከእነዚሁ ከሸኚዎች አፍ የተወሰደ ነው፤ «የላኪ አደራ» እለዋለሁ።

የቃሉ ምሥጢር ይህ ነው፦ አንድ መሥሪያ ቤት ሰውን ለሥራ ከቦታው አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ በላከ ወይም ለጉባኤ በጠራ ጊዜ፣ ያ ሰው ሄዶ፣ ጉዳዩን ፈጽሞ፣ በጤና ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ሊያገኘው የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ማሰብ፣ የሚቻለውን መከላከል፣ የደረሰውንም አብሮ መሸከም የላኪው ዕዳ ነው።

ቃሉ በእንግሊዝ ሕግ ዘንድ ስመ ጥር የሆነበት ታሪክ ለእኛ አንባብያን እንግዳ አይሆንም። በ1928 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ፔይስሊ በምትባል ከተማ፣ ሜይ ዶናሁ የተባለች ሴት ወዳጇ ገዝታ ከጋበዘቻት የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ መጠጡን ያዘጋጀውን ሰው ከሰሰች፤ ጠርሙሱን የገዛችው ራሷ ስላልነበረች ከአዘጋጁም ከሻጩም ጋር የሚያገናኛት ውል አልነበረም። ክርክሩ በ1932 ለለንደኑ የበላይ ችሎት ሲደርስ፣ ሎርድ አትኪን የተባሉት ዳኛ ፍርዳቸውን የመሠረቱት በወንጌል በተጻፈው ጥያቄ ላይ ነበር፤ ይኸውም ባልንጀራዬ ማን ነው የሚለው ነው። የሰጡትም መልስ፣ በእኔ ሥራ ምክንያት በቅርብ ሊነካ የሚችለው፣ ስለዚህም ሥራዬን ስሠራ በልቡናዬ ላስበው የሚገባኝ ሰው ሁሉ ባልንጀራዬ ነው የሚል ነበር። ሕግ አዋቂዎች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ያስተምሩታል።

ጥያቄው በወንጌል የተመለሰው በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነው፤ ምሳሌውም ከመነሻው የጉዞ ታሪክ መሆኑን ልብ ይሏል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀው መንገደኛ የተረፈው ባዘነለት ሰው እንባ ብቻ አይደለም፤ ሳምራዊው ቁስሉን ካሰረለት በኋላ በገዛ አህያው ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፣ ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር አስቀድሞ ከፈለ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። የሥራ ጉዞ ለሚያሰናዳ ሰው ከዚህ የበለጠ መመሪያ አላውቅም፤ መጓጓዣው፣ ማደሪያው፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ ያልታሰበው ወጪ፣ ከሁሉም በላይ ተመልሶ መጠየቁ፣ አንዱም አልጎደለበትም።

አሁን ወደ ፍቺው ልመለስ። ቃሉን «የእንክብካቤ ግዴታ» ወይም «የጥንቃቄ ግዴታ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም፤ ሆኖም እንክብካቤ ለሕፃንና ለበሽተኛ የሚቀርብ ነውና ጤነኛውን ሠራተኛ ያሳንሰዋል፤ ጥንቃቄም በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ተጓዡ ራሱ እንዲያደርገው ሌት ተቀን ሲነገረው የከረመ ቃል ስለ ሆነ ዕዳውን ከላኪው ጫንቃ አንሥቶ በተላኪው ላይ ይጥላል። በልሳነ ግእዝ አደራ «ማኅፀንት» ይባላል፤ ቃሉ ክቡር ነው፤ ይሁን እንጂ ከመናኸሪያ እስከ ግዥ ክፍል ሊነገር የሚገባውን ነገር በዚህ ብንጠራው ከመጽሐፍ ቤት የሚወጣ አይመስለኝም። አደራ ግን ሁሉም የሚያውቀው፣ ተቀባዩም ሳይፈርም የሚታሰርበት ቃል ነው፤ «አደራ በላ» መባልን የማይፈራ አበሻ የለም። «የላኪ» የሚለውን ቅጽል የጨመርሁበትም፣ ዕዳው የማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ፊደል ይታወቅ ዘንድ ነው።

ነገሩ ራሱ ለአገራችን አዲስ ነው ለማለት አልደፍርም። በቀድሞው ሥርዓት ንጉሥ ወይም የአገር ገዥ ላስመጣው እንግዳ በየሰፈረበት እንጀራው፣ መጠጡ፣ ፍሪዳው እየታዘዘ የሚቀርብለት ድርጎ ይባል ነበር፤ ወደ ግቢም ሲገባ ጉዳዩን የሚያቀርብለት፣ ችግሩን የሚሰማለት፣ እስኪሰናበትም የሚጠየቅለት ባልደረባ የሚባል ሰው ይሰጠው ነበር። ድርጎ በባላገሩ ላይ የወደቀ ከባድ ሸክም እንደ ነበረ አልዘነጋም፤ ሥርዓቱ ይመለስም አልልም። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ፤ ድርጎው ስሙን ለውጦ ውሎ አበል ተብሎ ሲቆይልን፣ ባልደረባው ከመካከላችን ጠፍቷል፤ ቃሉም በአንድ ቢሮ አብሮን የሚሠራውን ሰው ብቻ መጥሪያ ሆኗል።

ጉድለቱ የታየን ኮሮና በመጣ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ፣ ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር ከእንጅባራ፣ ከአዲስ ቅዳምና ከጥሊሊ ጋር መግቢያና መውጫዋ ተዘጋ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ የሕዝብ ማመላለሻም በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። ለቅዳሴ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ተሰብስቦ መዋልን የኑሮው ምሰሶ ላደረገ ሕዝብ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» መራራቅ ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ ያየ ያውቀዋል። በጥር 2013 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እንኳ ጉባኤያቸውን በየአገራቸው ተቀምጠው በበይነ መረብ ካካሄዱ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ በአካል የተገናኙት በዓመቱ በጥር 2014 ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳርን ማደሪያው ያደረገው የጣና ፎረምም ዐሥረኛ ጉባኤውን ከጥቅምት 4 እስከ 6 ቀን 2015 በዚሁ በሐይቁ ዳር አደረገ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ያስታወቀው ከዚያ ወዲህ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ስለዚህ ጉባኤዎች የተመለሱት በሽታው ሳይሄድ ነበር፤ ጠሪዎችም ሰውን ሲጠሩ ወደ ምን እንደሚጠሩት ማሰብ ነበረባቸው።

ሁሉም አሰበ ወይ? በግንቦት 2013 ስሙን የማላነሣው አንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ጠርቶኝ ነበር። ከአዳራሹ ደጅ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካንና ሳሙና ተቀምጧል፤ የግንባር ሙቀት የሚለካው ልጅም ቆሟል። ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ለፕሮጀክተሩ ሲባል መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ መጋረጃው ወርዶ፣ ስድሳ ያህል ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል። በቀኜ የነበረው ሰው ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ በክንዱ እጥፋት እየሳለ ዋለ፤ በሻይ ሰዓት ቀስ ብዬ ለምን ዕረፍት እንዳላደረገ ብጠይቀው፣ ውሎ አበሉን ለአባቱ ማሳ ማዳበሪያ መግዣ እንዳሰበው፣ አቴንዳንስ ላይ ካልፈረመ ደግሞ አንዲት ሳንቲም እንደማያገኝ ነገረኝ። ሰውየውን ልወቅሰው አልቻልሁም። ጀሪካኑን ያስቀመጠው መሥሪያ ቤት ለታመመ ሰው ቤቱ መቅረትን በገንዘብ የሚያስቀጣ ደንብ አቁሞ ነበርና፣ ያን ሳል ወደ አዳራሹ ያመጣው ደንቡ ራሱ ነው።

የላኪ አደራ የሚመዘነውም በዚህ ላይ ይመስለኛል። ጭምብልና ሳሙና ማቅረብ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ፣ የተጠራው ሰው ምንም ሳይቀርበት «አልመጣም» ማለት የሚችልበትን ሥርዓት ማቆም ነው። የታመመ ሰው ወጪው ተጠብቆለት ከቤቱ በስልክ ወይም በበይነ መረብ እንዲከታተል፣ የሚሰጠውም ሰነድ እንዲደርሰው ቢደረግ፣ ዛሬ «ሃይብሪድ» የሚባለው ጥምር ጉባኤ ትርጉም ያገኛል፤ አለዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሕጋችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያዛል፤ ሠራተኛው የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም የሚደርስበትንም ጉዳት፣ ከሥራ ቦታው ወይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ቢሆን እንኳ፣ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቆጥረዋል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 31030 የሆነ የጉዞ ሥጋት አያያዝ መመሪያ አውጥቷል፤ የመመሪያውም ሐሳብ ሥጋቱን ከጉዞው በፊት መዝኖ፣ የማያስፈልገውን ጉዞ መተው ከጥበቃዎቹ አንዱ ነው የሚል ነው።

በእኛ በጣና ዳር ሥጋቱ ኮሮና ብቻ እንዳልሆነ መናገር ደግሞ ግድ ይለኛል። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየረግረጉ ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ከደጋ የሚመጣውን እንግዳ አጎበር በሌለበት አልጋ የሚያሳድር አዘጋጅ አደራውን በልቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ጸጥታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን የማይታወቅበት፣ የሞባይል ዳታም ለወራት ተቋርጦ በበይነ መረብ መሰብሰብ የማይታሰብበት ጊዜ አሳልፈናል። በእንዲህ ያለ ወራት የሚጠራ አዘጋጅ፣ ስብሰባው ተጓዡን በብርሃን ወደ ቤቱ በሚያስገባው ሰዓት እንዲያልቅ ማድረግ፣ መንገድ ቢዘጋበትም የሚያድርበትን ክፍያ አስቀድሞ ማሰናዳት አለበት፤ በዘጠኝ ሰዓት የሚያልቀውን ጉባኤ በመዝጊያ ንግግር እስከ ዐሥራ ሁለት ማራዘም በአንበሳሜው ተጓዥ ሕይወት ላይ መወሰን ነውና።

የጥሪ ደብዳቤ የምታረቅቁ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከውሎ አበሉ መስመር ሥር አንድ መስመር እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ፤ «ባልደረባ» ብላችሁ የአንድ ሰው ስምና ስልክ ጻፉ። ያ ሰው ጉባኤው ከተበተነ በኋላ አዳራሹን አስቆልፎ የሚሄድ ሳይሆን፣ የመጨረሻው ሚኒባስ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሐሙሲትን አልፎ፣ ከአንበሳሜ «ገብቻለሁ» የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ስልኩን ከአጠገቡ የማያርቅ ይሁን።