ዜና መዋዕል ዘአምስቱ ቡድኖች፤ በ1936 ዓ.ም.

በ7436 ዓመተ ዓለም፣ በ1936 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ በመናገሻ ከተማችን በአዲስ አበባ የእግር ኳስ ሻምፒዮና ተጀመረ። የጦሩንና የሹመቱን ነገር የሚጽፍ ብዙ ነው፤ እኛ ግን የኳሱን ነገር እንጽፋለን።

በዚያ ዓመት የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ከአምስቱም የአገሩ ሰው ቡድን አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የቀሩት አራቱ በከተማይቱ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ቡድኖች ናቸው።

አርመኖቹ ቡድናቸውን አራራት አሉት፤ የኖኅ መርከብ ባረፈችበት ተራራ ስም መሆኑ ነው። እነዚህ አርመኖች ለከተማው እንግዳ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1916 ዓ.ም. ወላጆቻቸውን ያጡ 40 ልጆች ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የነሐስ ሙዚቃ ባንድ አቁመውባቸው ነበርና። ግሪኮቹም ኦሎምፒያኮስን አሰለፉ።

ጣሊያኖቹ ደግሞ ፎርቲቱዶ የሚባል ቡድን ነበራቸው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ከሦስት ዓመት በፊት የከተማው ጌታ ጣሊያን ነበረ፤ ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ አብረው እንዳይጫወቱም ለይቶ፣ ለአገሬው ሰው የብቻው ውድድር ሠርቶለት ነበር። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማይቱ ሲገቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ሕዝቡን አዘዙ። እነሆ፣ በ1936 ዓ.ም. ያው ጣሊያን ከአገሬው ልጅ ጋር በአንድ ሕግ፣ በአንድ ፊሽካ ለመጫወት ወደ ሜዳ ገባ። የዚያ ዘመን ትልቁ ነገር እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ነው፤ ዋንጫውን ማን ወሰደ የሚለው ከዚህ በታች ነው።

አምስተኛው ቡድን የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ነበረ። ይህ ሚሲዮን በጥር 1934 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት አዲሱን የኢትዮጵያ ጦር ሊያሠለጥን የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጊዮርጊስ ነገር እንመለስ። ይህ ቡድን የተቋቋመው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን መረብን ከተሻገረ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም፤ በሰሜን ጦሩ ሲዋጋ፣ በአራዳ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ልጆችን ሰብስበው ቡድን አቆሙ። ስሙንም በዓድዋ ታቦቱ በወጣው ሰማዕት ሰየሙት። ጠላት ከተማውን ከያዘ በኋላ ያ ስም አላማረውምና «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ብሎ ለወጠው። ነጻነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ።

ከተጫዋቾቹም አንዱ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ነበረ። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ፤ ውድድሩ ሲጀመር ዕድሜው 22 ነበር። ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተሰልፎ፣ በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳገባ ተጽፎለታል። ኳሱን ከመምታትም አልፎ የአገሩን ስፖርት አደራጀ፤ በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኝ ነበረ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስከሞተ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። አባቱ በቅኔና በዘፈን ታወቀ፤ ልጁ በኳስ።

ያን ጊዜ ከተማው ወደ ምሥራቅ ገና አልሰፋም። የዛሬው ቦሌ እርሻና ግጦሽ ነበረ፤ አውሮፕላንም የሚያርፈው ልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬ በዚያው በቦሌ 62 ሺህ ሰው እንዲይዝ የታሰበው አደይ አበባ ስታዲየም ሲሠራ የሚያይ የሰፈሩ ልጅ፣ ውድድሩ በአምስት ቡድን እንደተጀመረ ቢነገረው የሚያምን አይመስለኝም።

የውድድሩም ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን አሸነፈ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሻምፒዮንም እርሱ ተባለ። በዚህ የሚያፍር አንባቢ ቢኖር አይፈር። ወታደሮቹ ኳስን ከሕፃንነታቸው ያወቁ፣ ደመወዛቸውና ቀለባቸው የተቆረጠላቸው ነበሩ፤ የአራዳ ልጆች ግን ከአምስት ዓመት የጠላት አገዛዝ ገና መውጣታቸው ነው።

ሚሲዮኑ ያሠለጠነውም ጦር እንደ አሠልጣኞቹ ኳስ ወዳድ ሆነ። ኋላ መቻል የተባለው የሠራዊቱ ቡድን በ1940ዎቹ ዓመታት ሻምፒዮናውን ደጋግሞ ወሰደ። አራራትና ፎርቲቱዶ ከዋናው ውድድር ወጥተው ቀሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1942 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሻምፒዮናነት አገኘ፤ በተከታዩም ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ሥራውን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሄደ።