ከአናቱ ሳይሆን ከጅራቱ

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን። ዛሬ የማነሣላችሁ ግን ከጅራቱ የሚጀምር ችግር ነው። ያውም የእውነተኛ ዓሣ ጅራት አይደለም፤ ዓሣን ለማታለል መንጠቆ ላይ የሚታሰር የላባ ጅራት ነው። «አገር በዚህ ሁሉ ጉዳይ ተወጥራ አንተ ስለ ላባ ታወራለህ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሡኝ። በዚህች ጣት በምታክል ዕቃ ውስጥ ለእኛም የሚሆን ጥያቄ አለ፦ መሣሪያህ መበላሸቱን ሳይነግርህ ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ?

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ፈረንጆቹ «ፍላይ» ይሉታል፤ ዝንብ ማለት ነው። ላባ፣ ፀጉርና ክር መንጠቆ ላይ እየታሰረ የሚሠራ ማታለያ ሲሆን የትሉን ቦታ ይተካል። ጥበቡ ጥንታዊ ነው። ኤሊያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመውና ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። በ1496 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍም 12 ዓይነት ፍላዮችን ይዘረዝራል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እነዚያ የጥንት ፍላዮች ጥቃቅን ነፍሳትን የሚመስሉ ስለነበሩ ላባቸው አጭር ነው። ከመንጠቆው ብዙም ስለማያልፍ የሚጠላለፍበት ነገር አልነበረም። ጣጣው የመጣው አጥማጆች ትንሽ ዓሣ የሚመስል ረጅም ፍላይ መሥራት ሲጀምሩ ነው። ትልቅ ዓሣ ትንሹን ይበላልና፣ ትልቁን የፈለገ ትንሹን መምሰል ነበረበት።

ከዚህ ዘመን ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ካሪ ስቲቨንስ ናት። ጁላይ 1 ቀን 1924 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ አፐር ዳም በሚባል ስፍራ፣ ራሷ ባሰረችው ፍላይ ከ3 ኪሎ የሚበልጥ ብሩክ ትራውት አወጣች። (ትራውት ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ሌሎች ዝርያዎቹ ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀዋል።) «ፊልድ ኤንድ ስትሪም» የተባለው መጽሔት ባዘጋጀው ውድድር ሁለተኛ ወጣች፤ ፍላይ ማሰርም መተዳደሪያዋ ሆነ። የእሷ ፍላዮች ላባቸው የሚታሰረው ከፊት፣ ክሩ ከሚገባበት የመንጠቆው ዐይን አጠገብ ነው። ከዚያ በመንጠቆው ጀርባ ላይ ተንጋሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከጀልባ ኋላ ይጎተቱ ስለነበር ውሃው ራሱ ላባውን አበጥሮ ቀጥ ያደርገዋል።

ያው ዓይነት ፍላይ በእጅ ሲወረወር ግን ሌላ ጉድ ይመጣል። ፍላይ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክብደት ያለው ወፍራሙ ገመድ ነው። አጥማጁ በበትሩ ገመዱን በአየር ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያወናጭፋል፤ ፍላዩ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይከተላል። አቅጣጫው በሚቀየርባት ቅጽበት ረጅሙ ላባ ይገለበጥና በመንጠቆው ቆልማማ ክፍል ላይ ይጠመጠማል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ክሩ አልተበጠሰም። መንጠቆው አልወደቀም። ፍላዩ በሰላም ውሃ ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን እንደ ዓሣ ቀጥ ብሎ መዋኘቱን ትቶ ይጣመማል፣ ይሽከረከራል። ዓሣው አይቶ ያልፈዋል። አጥማጁ ከሩቅ ሆኖ ይህን አያይም፤ መወርወሩን ይቀጥላል። «ዛሬ ዓሣ የለም»፣ «ውሃው ደፍርሷል»፣ «ነፋሱ ነው» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ክሩ ቢበጠስ ኖሮ ወዲያው ያውቅ ነበር። በጩኸት የሚሰበር ዕቃ ቶሎ ይጠገናል፤ ዝም ብሎ የሚከሽፍ ግን ሙሉ ቀን ያስውላል።

ለዚህ ችግር ሰዎች ያመጡትን መላ በሦስት መክፈል ይቻላል።

አንደኛው መጥፈር ነው። ከኒው ዚላንድ የመጣው «ማቱካ» የሚባለው ፍላይ ስሙን ያገኘው የማኦሪ ሕዝብ «ማቱኩ» ከሚለው የረግረግ ወፍ ነው፤ ላባው ለዚህ ሥራ ይፈለግ ነበር። ላባው እንደ ፈረስ ጋማ በመንጠቆው ጀርባ ላይ ቆሞ ከኋላ እስከ ፊት በቀጭን ሽቦ ወይም በክር ይጠፈራል። የተጠፈረ ነገር አይገለበጥም። ግን ደግሞ እንደ ልቡ አይወዛወዝም፤ ዓሣውን የሚስበው ደግሞ ያ መወዛወዝ ነው። ወፉ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው። በዋናነት የጎዳው መኖሪያው የሆነው ረግረግ መድረቁ ነው። የፍላይ ሠሪዎቹም ፊታቸውን ወደ ዶሮ ላባ አዙረዋል።

ሁለተኛው ቦታ መቀየር ነው። ይህ የአሜሪካዊው የሌፍቲ ክሬህ ሥራ ነው። ክሬህ በ1925 ሜሪላንድ ውስጥ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጋ፤ ከዚያ የአሜሪካ ጦር የባዮሎጂ መሣሪያ ይመራመርበት በነበረው ፎርት ዴትሪክ ተቀጠረ። እዚያ በአንትራክስ ተይዞ ተርፏል፤ ከእሱ የተገኘው የባክቴሪያው ዝርያም በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተሰይሟል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ለሚያጠምደው ዓሣ አንድ ፍላይ ነደፈ፤ «ዲሲቨር» ይባላል፣ አታላይ ማለት ነው። ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ሲወረወር የማይጠላለፍ እንዲሆን ነበር።

ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ረጅሞቹን የዶሮ ላባዎች ከፊት ማሰሩን ትቶ ከኋላ፣ መንጠቆው መቆልመም ከሚጀምርበት አጠገብ አሰራቸው። ላባው ከመንጠቆው ኋላ ከጀመረ፣ የሚጠመጠምበት ነገር በአብዛኛው ከፊቱ ቀርቷል። ከዚያ ከፊት በኩል የአጋዘን ጅራት ፀጉር ዙሪያውን አሰረ፤ ፀጉሩ የላባውን ሥር እንደ ቀሚስ ሸፍኖ ይደግፋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! ላባውን አልረገጠውም፣ ሥሩን አዛወረው እንጂ። ስለዚህ ጅራቱ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ይህም ዋጋ አለው፦ ጅራቱ ከመንጠቆው ርቆ ስለሚሄድ፣ ዓሣ አንዳንዴ ጫፉን ብቻ ነክሶ ያመልጣል።

ሦስተኛው ማጠንከርና መደገፍ ነው። የኒው ጀርሲው ቦብ ፖፖቪክስ ብሉፊሽ የሚባለው ስለታም ጥርስ ያለው ዓሣ ፍላዮችን እየቦጫጨቀ ሲያስቸግር፣ ፀጉሩን በኢፖክሲ ሙጫ ለብጦ «ሰርፍ ካንዲ» የተባለውን ሠራ። ሙጫው ለጥንካሬ የገባ ቢሆንም ፀጉሩ እንዳይጠመጠምም ይረዳል። ሌሎች ደግሞ ከጅራቱ ሥር ወፈር ያለ የናይለን ክር ቀለበት አድርገው ያስራሉ፤ ላባው ወደ ታች ሲወድቅ ቀለበቱ ይመልሰዋል። የእነዚህም ዋጋ ግትርነት ነው።

ከሦስቱ የእኔ ምርጫ የክሬህ ነው። የተቸገረበትን ነገር አላፈነውም፤ ሌላ ጠባቂ ከላዩ አልጨመረበትም፤ «ለመሆኑ ይህ ላባ እዚህ ቦታ የታሰረው ለምንድን ነው?» ብሎ ከልማዱ ጋር ተጣላ። ደግሞም ፍላዩን ለራሱ አልቆለፈበትም። ዲሲቨር አንድ የተወሰነ ቀለምና መጠን የለውም፤ የአሠራር ዘዴ ነው። ሁሉም እንደ ባሕሩና እንደ ዓሣው አሻሽሎ አሰረው። በ1991 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባወጣቸው አምስት የፍላይ ቴምብሮች ውስጥ ሲገባ፣ የብዙ ሺህ እጆች ሥራ ሆኖ ነበር። ክሬህ በ2018 በ93 ዓመቱ አረፈ።

ይሁን እንጂ ዲሲቨርም ፍጹም አይደለም። ላባው ሲረዝምና ሲለሰልስ እሱም ይጠመጠማል። ስለዚህ ልምድ ያለው አጥማጅ ጥቂት ከወረወረ በኋላ ፍላዩን ስቦ ያየዋል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሙጫ አይፈልግም። የሚጠይቀው «ምናልባት ጥፋቱ የዓሣው ሳይሆን የእኔው መንጠቆ ይሆናል» ማለትን ብቻ ነው። ይህች ግን ለብዙዎቻችን ከባድ ናት።

ወደ እኛ ስመልሰው፣ ስለ ተቋሞቻችን ስንከራከር የምንቆጥረው የሚጮኸውን ብልሽት ነው፦ የፈረሰውን ድልድይ፣ የተዘጋውን ቢሮ። ስብሰባው ተካሂዶ፣ ሪፖርቱ ቀርቦ፣ ማኅተሙ ተመትቶ ሥራው ግን ተጣሞ የሚሽከረከርበትን ቦታ ማን ስቦ ያየዋል? ፍላዩ ውሃ ውስጥ መግባቱ መዋኘቱን አያሳይም። እስቲ እያንዳንዳችሁ በምትሠሩበት ቤት አስቡት፦ «ዘንድሮ ዓሣ የለም» እየተባለ ዓመቱ የሚያልፈው በየትኛው ክፍል ነው?