ረኃብና የሰው አካል፤ በሞያሌ ወሰን

ሞያሌ ከኢትዮጵያና ከኬንያ ወሰን ግራና ቀኝ የተከፈለች ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ያለችው በማርሳቢት አውራጃ ስትሆን፣ በዙሪያዋ የሚኖረው የቦረና አርብቶ አደር ኑሮው በከብቱ፣ የልጆቹም ምግብ ይበልጡን በወተት ላይ የቆመ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ 5 የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ጎደሉ። ላም ከመሞቷ አስቀድሞ ወተቷ ይነጥፋልና፣ ረኃቡ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ከሕፃናቱ ዘንድ ነው።

ምግብ የታጣበት አካል ያለውን በሥርዓት እየመነዘረ ይቈያል። በጉበት የተከማቸው ስኳር በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ስቡ ይቀልጣል፤ ጉበትም ከስቡ ለአንጎል የሚሆን ምትክ ምግብ ይሠራል። ጡንቻ ገና ከመጀመሪያው በጥቂት በጥቂቱ ሲበላ ይቈይና ስቡ ባለቀ ጊዜ ጥፋቱ ይፈጥናል፤ ልብም ጡንቻ ስለ ሆነ አይቀርለትም። በዚህ ሁሉ አካል ወጪውን ይቀንሳል፤ የልብ ምት ይዘገያል፣ ገላ ይቀዘቅዛል፣ ልጅ ጨዋታውን ይተዋል። በክፍል ውስጥ ፈዞ የሚቀመጠውን ተማሪ ሰነፍ የሚሉት ይህን ያልተረዱ ናቸው። በሽታን የሚከላከለው ኃይል ስለሚደክምም፣ ብዙዎቹን የሚገድለው ተቅማጥ፣ ኩፍኝና የሳንባ ምች ነው።

በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አንሰል ኪስ በ1945 የ36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ምግብ ለ6 ወራት ቀንሶ ሁኔታውን መዘገበ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹም የወጥ ቤት መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር። እነርሱ ግን የሚጠግቡበትን ቀን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ የአርብቶ አደሩ ልጅ ይህ ተስፋ የለውም።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ምግብ ሲመለስ የሚመጣው አደጋ ነው። በዚያው በ1945 ከጀርመን የእስረኞች ሰፈሮች ነፃ ከወጡት አንዳንዶቹ የሰባ ምግብ በልተው ሞቱ። ምግቡ በድንገት ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ፎስፎረስና ፖታሲየም ወደ ሕዋሳት ስለሚሳብ ልብ ይደክማል። ስለዚህ በጽኑ የታመመ የተራበ ሕፃን በሐኪም ቤት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጠን ያለ ወተት በየጥቂት ሰዓቱ በልክ ይሰጠዋል። የምግብ ፍላጎቱ ያልጠፋና ሌላ ሕመም የሌለበት ግን ከለውዝ የተዘጋጀ ገንቢ ምግብ ይዞ በቤቱ ይታከማል፤ ይህ የቤት ሕክምና በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ በ2000 ኢትዮጵያ ነበረች።

የመለኪያው መሣሪያ ባለቀለም ጥብጣብ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲሜትር ካነሰ ከቀዩ ላይ ይውላል። ሁለት እግሮቹ በረኃብ ያበጡበት ሕፃን ግን ለማያውቅ የወፈረ ይመስላል፤ እርሱ የጥብጣቡ ልኬት ምንም ቢያሳይ ለሕክምና ይቀበሉታል።