የባቡር ሐዲድና የወዝአደሩ መለከት

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሰሜን እንግሊዝ የጥጥና የሱፍ ፋብሪካዎች የሚሠራው ወዝአደር ከድካሙ ተርፎ መለከት አነሣ፤ የናስ ሙዚቃ ጓዶችንም አቋቋመ። መሣሪያውን ብዙ ጊዜ ባለፋብሪካው ይገዛው ነበር፤ ትንፋሹ ግን የሠራተኛው ነበር።

ይህን ጥበብ ከመንደር ያወጣው ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 በማንችስተር ቤል ቪው መናፈሻ የናስ ሙዚቃ ውድድር ተጀመረ፤ የሞስሊ ጓድም አንደኛ ወጣ። በ1860 ደግሞ የኸል ተወላጁ ሙዚቀኛ ኤንደርቢ ጃክሰን በለንደን ክሪስታል ፓላስ ለተዘጋጀው ታላቅ ውድድር ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ተደራድሮ ርካሽ ጉዞ አመቻቸ። በመጀመሪያው ቀን ድሉ ከዮርክሻየር ለመጣው ለብላክ ዳይክ ጓድ ሆነ።

በእነዚህ ጓዶች ውስጥ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም ጎን ለጎን ይነፉ ነበር። እኅት በዚያው ፋብሪካ ፈትል ብትፈትልም፣ ጨርቅ ብትሸምንም፣ መለከቱ በጥቅሉ የወንድ ሆኖ ቆየ። ከወንድሟ ጋር በአንድ ባቡር ብትሳፈር እንኳ የምትሄደው ልታደምጥ እንጂ ልትጫወት አልነበረም።

ሐዲዱ የአገሩን ርቀት አጠበበ። በአንድ እናት ልጆች መካከል የቆመውን አጥር ማፍረስ ለትግል የተተወ ተግባር ነበር።